አፍህን ያሸተትኩበት ቀን

የሐያት አባት፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከሄድክ ሰባት ወር ሞላህ። አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዬን፣ የባል ሐዘኔን፣ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሱቁን እኔና ልጅህ ከፍተነዋል። ብርድ ልብሱም፣ ጀሪካኑም፣ ሸራውም አንተ በደረደርክበት ነው። ደንበኞችህ ዲላ በወረዱ ቁጥር ይጠይቁሃል። የፍስሐ ገነት ከተማ ሰዎች ገበያቸው ላይ ስላጡህ የታመምክ እንጂ የሞትክ አይመስላቸውም፤ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ መርዶ መንገር ሰለቸኝ።

ስለ ሱቁ ፍሪጅ ልንገርህ። ከለስላሳው በታች ያለው መደርደሪያ ላይ ሳትወጋት የቀረችው መርፌህ ብቻ ነበረች። መብራት ሲጠፋ ደንበኛ ከፍቶ ቅዝቃዜውን እንዳያስወጣው በሩን በሻርፔ አስረው አልነበር? አንተ ከሄድክም በኋላ አስረዋለሁ። ሐያት ለማን ነው ስትለኝ ቋጠሮውን አጠብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከወናጎ አንዲት ሴት ያንተን ነገር ሰምታ መጣች። ባሏን ያንተው በሽታ ይዞታል። ያ ስሙን መጥራት ያቃተን፣ ኒውሮኢንዶክራይን የሚሉት ካንሰር። ሕክምናው ምን እንደሚመስል ንገሪኝ ብላ ባንተ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የነገርኳትን ላንተም እጽፍልሃለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

በሽንት ምርመራው ጀመርኩ። ውጤቱን ስለሚያዛቡ ሦስት ቀን ሙዝ የለም፣ አቮካዶ የለም፣ ቡና የለም። እዚህ አገር ተቀምጦ ይህን መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ገባትና ፈገግ አለች። አንተ ኮንጋ ገበያ ሄደህ፣ ሰው ያቀረበውን መመለስ ነውር ነው ብለህ አቮካዶውን በልተህ፣ ምርመራው እንደገና መጀመሩን አልደበቅኳትም። አንድ ቀን ሙሉ ሽንትህን የምታጠራቅምበትን ዕቃ ሲሰጡህ፣ ለአገሩ ሁሉ ጀሪካን ስሸጥ ኖሬ ለኔ ደግሞ ሐኪም ሰጠኝ ማለትህንም አጫወትኳት።

ከዚያ መርፌው። በየወሩ መቀመጫ ላይ ነው የሚወጋው። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ ከፍሪጅ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ የተወጋው ቦታ ለቀናት ይጠጥራል። መጀመሪያ ሆዱን ይነፋዋል፣ ሰገራው ቅባት ቅባት ይላል፣ አትደንግጪ አልኳት። ቆይቶ ግን ተቅማጡ ይቀንሳል፣ የፊቱም መቅላት ይተዋል። ሐኪሙ እንዳለን፣ መርፌው በሽታውን ያስረዋል እንጂ አያጠፋውም። ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ከሰው ሰው ይለያያል። አንተን አንድ ዓመት ከምናምን አቆየህ፤ ወደ ጁምዓ ስግደት የተመለስከው በዚያ ዓመት ነው። ደህና ዓመት ነበር።

የባሰውንም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሲቲ ስካኑ ጉበትህ ላይ ያለው ዕጢ ማደጉን ሲያሳይ ኬሞ መጀመርህን። አፍህ ቆስሎ ቆጮ አልዋጥ ሲልህ ቡላውን አቅጥኜ መስጠቴን። ልብስ መልበስ ብቻውን ያደክምህ እንደነበር። እግርህ ማበጡን፣ ሐኪሙ በሽታው ልብህንም ነክቷል ማለቱን፣ መጨረሻ ላይ ጋደም ማለት አቅቶህ በትራስ ተደግፈህ መሰንበትህን። ሁሉም እንዲህ አይሆንም፣ የባልሽ ቶሎ ተገኝቶ ይሆናል አልኳት። ቶሎ የሚለውን ቃል ስናገር ምላሴ ከበደኝ።

ሴትዮዋ ልትሄድ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። "የኔ ሰውዬ ጴንጤ ነው፣ ጠላ እንኳን አያውቅም" አለችኝ፤ "ፊቱ ሲቀላ ግን ሰው ጠጥቷል ይላል።" ተመልሰሽ ተቀመጪ ብዬ ለመንኳት።

ያን ጊዜ የነገርኳትን አንተ ታውቀዋለህ፤ ከኔ አፍ ግን ሰምተኸው አታውቅም። በሽታው ሳይታወቅ ከገበያ ፊትህ ቲማቲም መስሎ ትመለስ ነበር። ተቅማጡ ዉዱእህን፣ የስግደት ትጥበትህን፣ እያፈረሰብህ መስጊድ መሄድ ተውክ፤ አፍረህ ምክንያቱን ለማንም አልተናገርክም። ሰፈሩ ሁለቱን ደመረና ሰካራም አለህ። እኔም አመንኩ። ማመን ብቻ አይደለም፣ ጎረቤት ቤት ተቀምጬ አልቅሼ አወራሁህ። ቁርኣን አስነካሁህ፣ ማልክልኝ። መሐላህም አልበቃኝም፤ ጫማህን ሳታወልቅ አንገትህን ይዤ፣ ሐያት ቆማ እያየች፣ አፍህን አሸተትኩ። ምንም አልሸተተኝም። ቅርንፉድ አኝኮበት ይሆናል አልኩ። ሐኪም ቤት እንሂድ ሳልልህ አንድ ዓመት አለፈ። ወደ ጉበትህ የተሻገረው በዚያ ዓመት ይሁን ቀድሞ፣ ሐኪሙን ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስትገባ በር ላይ ቆመህ ፊቴ ላይ "ሃ" ትል ነበር። መጀመሪያ በንዴት ነበር። በሽታው ከታወቀም በኋላ አልተውከውም፤ እየሳቅክ ታደርገዋለህ፣ ሐያትም ትስቃለች፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሄድክ ቀን ጠዋት ትራስህን ሳስተካክል አየኸኝና፣ በዚያች ባለቀች ትንፋሽህ "ሃ" አልከኝ። ቀልድ ይሁን ክስ አልገባኝም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልልህ አፌን ከፍቼ፣ ውሃ ላምጣልህ ወይ አልኩ። አመጣሁልህ፣ ጠጣህ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ ሄድክ።

ሴትዮዋ ይህን ሰምታ "እኔም አሽትቻለሁ" አለችና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ዛሬውኑ ሂጂና ይቅርታ በይው አልኳት፤ ገና ይሰማሻል። ያቺን መርፌህን ከበረዶ ጋር ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ የአገልግሎት ጊዜዋ አላለፈም፣ ሐኪሙ መርፌዋን ሳያያት ግን ባልሽ እንዳይወጋት ብዬ።

አሁን መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ሻርፔም ከፍሪጁ ተፈትቷል። ከትናንት ጀምሮ ያኔ አንተን ያማሁባቸውን ቤቶች በየተራ እያንኳኳሁ ነው። ባሌ አልጠጣም፣ ታሞ ነበር፣ የዋሸሁበት እኔ ነኝ እላለሁ። ሁለት ቤት ጨርሻለሁ፤ አንዷ አለቀሰች፣ ሌላዋ ድሮ ረስቼዋለሁ አለችኝ። እነሱ ይርሱት። እኔ ያቺን ትንፋሽህን እስክሞት ድረስ አልረሳትም፤ ቀልድም ትሁን ክስ፣ እንዳለች እይዛታለሁ።

አውፍ በለኝ፣ የሐያት አባት። ይኸው አልኩህ።