አያቴን ጀግና ያደረገው መጽሐፍህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እማዬ ሳታለቅስ ስምህን መጥራት ጀምራለች፤ መኪናህን ወንድሜ ወስዶታል። እኔ ግን፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ።

ኤርፖርት ተራ ስትጠብቅ ታክሲህ ውስጥ የጻፍከው ልብ ወለድ እስካሁን ፌርፋክስ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ውስጥ አለ። እሁድ እሁድ ለእኔና ለወንድሜ የምታነብልን ያ ምዕራፍ ትዝ ይልሃል? የጣሊያኑ ሹም ገበያ መሐል ቆሞ አርበኞቹን አምጡ እያለ ሲዝት፣ አስተርጓሚው አያቴ ዛቻውን ትቶ፣ ነገ መንደራችሁን ሊያቃጥሉ ነውና ዛሬውኑ ውጡ ብሎ ለሕዝቡ በአማርኛ ይናገራል። እዚህ ላይ ስትደርስ ዓይንህን ትጠርግ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ከየት ነሽ ሲሉኝ አንገቴን ቀና የማደርገው በዚያ ሰው ነበር። አድጌም ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስተምራቸውን ልጆች ያንኑ ምዕራፍ ታሪክ ነው ብዬ በቃላቸው አስያዝኳቸው።

ሙት ዓመትህ ዕለት የመንደርህ ሰው እትዬ ደስታ ከኢንግልዉድ መጡ። ጸበል ጻዲቁን ከቀመሱ በኋላ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። አስተርጓሚዎቹ ሁለት ነበሩ አሉኝ። ሕዝቡን ያስመለጡት የእሳቸው አባት፣ አቶ አሰፋ ናቸው። ነገሩን ከሹሙ ጆሮ ያደረሰው አያቴ ነው። አቶ አሰፋን በማግስቱ እዚያው ገበያ ላይ ሰቀሏቸው።

ሳታውቅ የጻፍከው ቢሆን ምን ነበረበት! መጽሐፉን ከመጻፍህ በፊት ደብተርህን ይዘህ ቤታቸው ሄደህ ጠይቀሃቸዋል፤ አንድም ሳያስቀሩ ነግረውሃል። አልቅሰህ ወጣህ፤ ከዚያ የሰውየውን ሥራ ለአባትህ ሰጠህ። እሳቸውም ይሉኝታ ይዟቸው ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አሉ። እንዴት አስቻለህ? እኛ እዚህ የተወለድነው አገራችንን የምናውቀው በመጽሐፍህ እንደነበር ታውቅ ነበርኮ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ደስታን ከፊት አስቀምጬ ለልጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዷ፣ ሶ ቲቸር፣ አያትሽ ባንዳ ነበር ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እትዬ ደስታ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ዛሬም እወድሃለሁ፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። አልረሳህም አባዬ። መጽሐፍህንም አልጥለውም፤ ለልጆቹ ማንበቤን እቀጥላለሁ። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን የአያቴን ስም ትቼ፣ አንተ አውቀህ የዘለልከውን፣ አቶ አሰፋን እጠራለሁ።

ልጅህ