ለዝንብ የሚሆን ሐር

ሰኞ

ስድስቱም ተፈትተው መጡ። ፈረንጁ መምህር ወደ ባሌ ወርዶ ዓሣ እንዲያጠምድባቸው የሠራኋቸው ዝንቦች ናቸው፤ መንጠቆ ላይ ላባ በክር ጠምጥሜ ዝንብ ያስመሰልኳቸው። ውሃ ሲነካቸው ክሩ ላልቶ ላባው ወለቀ። «አላጠበቅኸውም» አለኝ። ዓርብ ተመልሶ ይወርዳል። እስከዚያ ስድስት ደህና ዝንብ ካላገኘ ከአገሩ ያስመጣል። ሌላ ሥራ የለኝም።

ያልነገርኩት፦ ክር መጥበቁን ጣቶቼ አይነግሩኝም። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተኝቼ ከሥጋ ደዌ ድኛለሁ፤ የጣቶቼ ጫፍ ግን እንደደነዘዘ ቀረ። ኮልፌ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ቢያውቁ ማን ቤት ያከራየኛል?

ማክሰኞ

ክር ሻጩ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። የጥጥ ክር ይጠነክራል፣ ግን ይወፍራል፤ የዝንቡ ጭንቅላት አተር ያክላል። ናይለን ያሟልጫል። ሐር ይሻላል፣ ቀጭን ነው።

«ለዝንብ ሱሪ ልትሰፋ ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። ከሰው ጋር ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

«ሳበው እንጂ! ክር በዓይን ይገዛል?»

ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ሳብኩ። አሁንም ሳብኩ። የሐጂ ሳቅ ቆመ።

«ደም! አንተ፣ ደም!»

ሐሩ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

«አላመመህም?»

«ኧረ ምንም» አልኩ። ስሕተቴ ይኸ ነው። መጮህ ነበረብኝ። ሌላ ሰው ይጮህ ነበር። ሐሩን ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ

አልወጣሁም። ሐሩን ሰም ቀባሁት። ሦስቴ በጠስኩት። ከዚያ ጫፉን በከንፈሬ ያዝኩ። ከንፈሬ ይሰማዋል! ክሩ ሊበጠስ ሲል ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ላይ አቆማለሁ። አምስት ሠራሁ። ክሩ አለቀ።

መስኮቱ ሥር ሰው ባወራ ቁጥር ስሜ ይጠራ እንደሆን አዳምጣለሁ። ሐጂ ተናግረው ይሆን?

ሐሙስ

በሰፈሩ ከሐጂ ሌላ ሐር የሚሸጥ የለም። ሁለት ጊዜ ከፌርማታው ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ሁለት ሴቶች ይገዛሉ።

ሐጂ መጀመሪያ ጣቴን አዩ። ክሩን እንድስበው አልሰጡኝም። ከሦስት ጥቅልል እየመዘዙ በገዛ ጣታቸው ጠምጥመው ሳቡ። ሁለቱ ተበጠሱ። በሦስተኛው ፊታቸው ተኮማተረ።

«ኧረ ወላሂ፣ ይኸስ ይቆርጣል! እሱን ውሰድ። ጣትህ ላይ ጨርቅ ጠምጥም። እያየህ ሥራ፣ ልጄ።»

«ምን ሆኖ ነው?» አለች አንደኛዋ ሴት።

«ምን ይሆናል? ክር ቆርጦት ነዋ» አሉ ሐጂ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

አውቀዋል። ነገ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ዛሬ ግን አልተናገሩም።

ስድስተኛውን ዝንብ ሳህን ውሃ ውስጥ ከነከርኩት ከሰዓት በላይ ሆነው። እስካሁን አልተፈታም።