ምንም ነገር የማይይዘው ትልቁ ሣጥን

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የካልኩለስ ፈተናውን የሣጥን ጥያቄ፣ አንድ ካርቶንንና እኔን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እንደ እርማት ወረቀትዎ ዓመት ቢመጣ ዓመት ቢሄድ ምንም የማይለወጥ ጤና እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ካልኩለስ በሚሰጥበት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እንድቀመጥ ስለፈረዱብኝ ጥሩ ዕረፍት አግኝቻለሁ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ከመነሻው እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ጎኑ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ካሬ ካርቶን ላይ፣ ከአራቱም ማዕዘን እኩል ካሬዎች ተቆርጠው ይወጡና የቀረው ወደ ላይ ታጥፎ ክዳን የሌለው ሣጥን ይሆናል፤ ሣጥኑ በተቻለ መጠን ብዙ እንዲይዝ የሚቆረጠው ካሬ ጎን ስንት ይሁን? ስሌቱ ሁለት ቁጥሮች ይሰጣል፤ ሁለትና ስድስት። እኔ ሁለት ብዬ መለስኩ። የእርስዎ የእርማት ወረቀት ስድስት ይላል። ካልኩለስ በደጁ ያላለፈ ሰው እንኳ እንደሚገባው፣ ከአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ከግራ ስድስት፣ ከቀኝ ስድስት ከተቆረጠ የሚታጠፍ ነገር አይተርፍም። ሣጥኑ እጅግ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቱ አለመኖሩ ብቻ ነው።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ዓመቱ ሲጀመር «ከካልኩለስ ተማሪ የሚጠበቁ ነገሮች» የሚል፣ በእርስዎ የተፈረመ ወረቀት ታድሎን ነበር። ተማሪ እያንዳንዱን የአሠራር ደረጃ እንዲያሳይ፣ በራሱ እንዲያስብ፣ ያገኘውን መልስም ወደ ጥያቄው ወስዶ እንዲፈትሽ ይጠበቅበታል ይላል። እኔ ሞኟ አመንኩ። ደረጃዎቹን አሳየሁ፣ አሰብኩ፣ ይባስ ብዬ ፈተሽኩ። ለካ ወረቀቱ የተሰጠን ደብተራችን ላይ እንድንለጥፈው እንጂ እንድናነበው አልነበረም። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች አንድ መስመር ቢታከልበት መልካም ይመስለኛል፦ «ከላይ የተጻፈውን የሚፈጽም ተማሪ ለሚደርስበት ሁሉ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል።»

ሁለተኛ፤ ታላቅ እኅቴ በዚሁ ትምህርት ቤት ተምራ ከወጣች ቆይታለች። ካልኩለስ የሚባለውን ነገር ሁሉ ረስታዋለች፤ አንድ ነገር ብቻ አልረሳችም። ለፈተናው ሳጠና በበሩ ብቅ ብላ «ስሚ፣ የሣጥኑ ጥያቄ ይመጣል፤ ስድስት ብለሽ ጻፊና ተገላገይ» አለችኝ። ልክ እኮ አይደለም ብላት፣ «ልክ ነው አልኩሽ እንዴ? ስድስት ነው ያልኩሽ» ብላኝ ወጣች። ስድስት እንግዲህ እንደ አሮጌ ካፖርት ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ የኖረ መልስ ነው። በክፍላችን ከእኔ በቀር ሁሉም ስድስት ብሎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ወረቀቶቻቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ቢያዩ ግን፣ የብዙዎቹ ላይ ከስድስቱ ሥር በላጲስ የጠፋ ሁለት ይታያል። ተማሪ ያገኘውን እውነት በገዛ እጁ እንዲያጠፋ ማሠልጠን ቀላል ሙያ አይደለምና፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፤ መምህራችንን በምንም አልወቅስም። ወረቀቴን ይዤ ስቀርብ አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አዩት፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ከላይ የመጣ ነው» አሉኝ። ከላይ ማለት የእርስዎ ቢሮ መሆኑ ስለገባኝ ካርቶን፣ ማስመሪያና መቀስ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። በጠረጴዛዎ ላይ፣ በእርማት ወረቀትዎ መሠረት፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳላዛንፍ ቆረጥኩ። በእጄ አራት ትናንሽ ካሬዎች ቀሩ። ሣጥኑ የት እንዳለ በአክብሮት ጠየቅሁ። እርስዎም ቁራጮቹን ገለበጥ ገለበጥ አድርገው ካዩ በኋላ «ካርቶኑ ቀጭን ስለሆነ ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በትምህርት ዘመኔ ብዙ ማብራሪያ ሰምቻለሁ፤ የካርቶንን ጥፋት እንዲህ አፍረጥርጦ ያወጣ ግን አልገጠመኝም።

አራተኛ፤ እናቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ «አንቺ ልጅ፣ አራተኛውን አውጪው፣ ያስባርርሻል» አለችኝ። ተባርሬያለሁ እኮ ብላት «ከቤትም ማለቴ ነው» ስላለች አውጥቼዋለሁ። ቦታውን ክፍት ትቼልዎታለሁ፤ ኅሊናዎ እንደመሰለው ይሙላው።

አምስተኛ፤ በማግስቱ የደረሰኝ የቅጣት ደብዳቤ «ስለታም መሣሪያ ይዛ ቢሮ በመግባት» ይላል። መቀሱ የታናሽ ወንድሜ ነው። ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ እጀታው ላይ የምትስቅ ጥንቸል አለች። ይህችን ጥንቸል የፈራ ሰው ደፍሮ በስሜ ላይ ቅጣት መፈረሙን ሳስብ ድፍረትዎን አደንቃለሁ። ቅጣቱም «የትምህርት ክፍሉ መልስ ትክክል መሆኑን አምኜ ተቀብያለሁ» የሚለውን ወረቀት እስክፈርም ድረስ ካልኩለስ ክፍል እንዳልገባ ነው። ካልፈረምኩ የማጠቃለያ ፈተናው ላይ አልቀመጥም፤ ያለ ፈተናው ውጤት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው የምሕንድስና ትምህርት አይቀበለኝም።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላንድ አፍታ ላቁም። ብፈርም ምሕንድስና እገባ ይሆናል። አንድ ቀን ድልድይ ወይም የውኃ ማጠራቀሚያ ሥሪ እባል ይሆናል። ያን ቀን ስሌቱ ሁለት ቁጥር ሲሰጠኝ፣ የሚቆመውን ልጻፍ ወይስ ከላይ የመጣውን? ይህን ጥያቄ የሚመልስ የእርማት ወረቀት ካለዎት በትሕትና እጠብቃለሁ።

እስከዚያው ስለ ትምህርቴ አይጨነቁ። ቤተ መጻሕፍቱና ክፍላችን አንድ ስስ ግድግዳ ይጋራሉ። ክፍሉ «ሬዲዮ» ብሎ የሚጠራው የወንበር ጓደኛዬም፣ ከተባረርኩ ወዲህ ጆሮው ክፉኛ ደክሞ በየደቂቃው «መምህር፣ አልሰማሁም፣ ጮክ ብለው ይድገሙልኝ» እያለ ያስቸግራል። እባክዎ ለማሳከም እንዳይቸገሩ፤ እኔ ስመለስ ይሻለዋል ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ አልፈርምም። በምትኩ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው የካልኩለስ ክፍለ ጊዜ ክፍላችን ድረስ ይምጡና፣ በሁላችንም ፊት ስድስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ሣጥኑን ይሥሩልን። አንዲት ስባሪ ጠመኔ እንኳ ከያዘ፣ እዚያው ቆሜ ይቅርታ ጠይቄ እፈርማለሁ። ካልያዘ ግን ወንበሬን ይመልሱልኝ፤ ጓደኞቼም በላጲስ ያጠፉትን ሁለት መልሰው ይጻፉ። ካርቶኑ ከእኔ፣ መቀሱ ከእርስዎ።

የከበረ ጊዜዎን እንዲህ አብዝቼ ስለቆራረጥኩብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለቢሮዎ፣ ለወንበርዎና በተለይም ለእርማት ወረቀትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ እሰናበትዎታለሁ።

ከግድግዳው ወዲህ ማዶ የምትማረው፣
በሁለት የጸናችው ተማሪዎ

ግልባጭ፦
ለርእሰ መምህሩ
ለወላጆች ኮሚቴ
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለታላቅ እኅቴ፣ አስታውሳ እንድታፍር

ፊርማዬ ከደረቀ በኋላ የታወሰኝ፦ በፖስታው ውስጥ አራት ትናንሽ ካሬዎች ያገኛሉ። በትምህርት ክፍልዎ መልስ መሠረት የተሠራ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ትልቁ ሣጥን ነው፤ ከወፍራም ካርቶን ሠርቼ በስጦታ ልኬልዎታለሁ። ያልፈረምኩበትን ወረቀት አብሬ መልሼያለሁና እባክዎ ሣጥኑ ውስጥ አድርገው ያስቀምጡልኝ። አልገባም ካለዎት ወረቀቱ ወፍራም ሆኖ ነው።