ለልኬት የተሰናዳ ሞተር

መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሁዜይፋ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ገብስ ገበያ አውርቼ ዘጋሁ። በጽሑፍ ይሻለኛል።

አምና ለመመረቂያ ጥናትህ መሣሪያ ተሸክመህ ወፍጮ ቤታችን ስትመጣ፣ ወፍጮውን አሥራ ስድስት ዓመት ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት አያ ውበቱ፣ "ጭስም ይለካል እንዴ? አንተ ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ኢንጂነር?" ብለው አሾፉብህ።

"አያ፣ ሞተሩን ወረቀት ላይ በሒሳብ አስነሳዋለሁ። በየትኛው ፍጥነትና በምን ያህል ጭነት ትንሽ እንደሚያጨስ ሒሳቡ ይነግረናል" አልካቸው።

"ወረቀቱ ካልተቃጠለ!" አሉ።

አንተ ከመምጣትህ በፊት መካኒክ ጠርቼ የናፍጣ ፖምፓውን አስተካክዬ፣ ማጣሪያውን አስቀይሬ ነበር። ናፍጣም ከደሴ አስመጣሁ። ሁልጊዜ የምንጠቀመው ግን በጀሪካን የሚመጣውን፣ ላምባ የተቀላቀለበትን ነው። በአምስቱ የልኬት ቀናት እህሉን ጥቂት ጥቂት እያስጨመርኩ አስፈጨሁ። እህል ስሸጥ ምርጡን ከላይ እንደማደርገው፣ ለአንተና ጥናትህን ለሚያርመው መምህርህ ሞተሬን አሳመርኩት። ማስታወሻዬ ላይ "ሞተሩ አላሳፈረኝም" ብዬ ጽፌያለሁ።

ሒሳብህ ለክፍሉ አንድ መስኮት ይበቃዋል አለ። ጭሱን በጣሪያ ለማውጣት የገዛሁትን ላሜራ ለመጋዘኑ በር አደረግሁት። አንተ ስትሄድ የጀሪካኑ ናፍጣ ተመለሰ። በገበያ ቀን ወፍጮው እስካፉ ይሞላል። ጭሱን በዓይኔ እያየሁ ወረቀትህን አመንኩ።

አንተ አልተሳሳትክም። የለካኸው ሞተር ነው የእኛ ያልሆነው።

ባለፈው ሳምንት አያ ውበቱን ሳሉ ስለጠናባቸው ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ "የተጎዳው ሳንባቸው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቁ" አለኝ።

"አዲስ አበባ ብወስዳቸውስ?"

"እዚያም ያው ነው።"

በገበያ ዋጋ ሁሉ የምከራከረው እኔ ይህን መልስ ሳልከራከር ተቀበልኩ።

ትናንት ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"አምስት ቀን ነው ያልሽኝ?" አሉ።

"አምስት ቀን፣ አያ።"

"ያን ሳምንት እኮ ሳሉ ለቆኝ እንቅልፌን ጠግቤ ተኝቻለሁ! እመቤቴ ማረችኝ ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባሁ።" ሊስቁ ነበር፤ ሳሉ ቀደማቸው።

ጥናትህን መምህሮችህ ለአጅባር ከተማ ወፍጮ ቤቶች ሊያሠራጩት እንደሆነ ነግረኸኛል። ከዚያ በፊት ይህን ደብዳቤ አስነብባቸው፤ ስሜን አትደብቅ። ለእሳቸው ግን ምን ላድርግላቸው? የምታውቀው ካለ ጻፍልኝ። እኔ መላ አጥቻለሁ።

አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ሀጀራ