የሲኞራ አሱንታ ድስት

ረቡዕ፣ ኅዳር 2 ቀን 1968
ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ ስመለስ አከራዬ ሲኞራ አሱንታ ጎመን ይከትፋሉ። ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ቲማቲም... ለአንዲት አሮጊት ይህ ሁሉ?
“እሑድ ልጄ ይመጣል” አሉኝ።
ቪቶሪዮ የአባቱን ዳቦ ቤት ስለሸጡበት አኩርፎ ሁለት ዓመት አላያቸውም። እዚሁ ቅርብ፣ ግሌንዴል እኮ ነው ያለው! እያንጎራጎሩ ይከትፋሉ። ደስ አሉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 4
ወጥ ቤት የማጽዳት ተራዬ ነበር። ፍሪጅ ስከፍት ያ የረቡዕ ጎመን ሾርባ ሆኖ ከነድስቱ! ደረቅ ዳቦ ገብቶበት ላሽቋል። አንጀቴን በሉኝ... ረስተውት ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ልጅ ያደረ ይቀርባል? እኛ ቤት ነውር ነው። ደፋሁት። ድስቱንም ፈትጌ መስተዋት አስመሰልኩት። መቼም ይመርቁኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5
አልመረቁኝም።
“ሾርባዬስ?” ብለው ባዶውን ድስት ይዘው ቆሙ። ለካ አሠራሩ ነው! አንድ ቀን ይቀቀላል፣ በማግስቱ የተረፈ ደረቅ ዳቦ ይገባበታል፣ አድሮ እንደገና ይፈላል። ቪቶሪዮ በልጅነቱ ከዚህ ሌላ አይበላም ነበር አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
“ደውዬ አትምጣ ልበለው። ደረቅ ዳቦ እንኳ የለኝም።”
“ሲኞራ፣ በእግዜር! አይደውሉ!”
ሮጬ እናቴ የላከችልኝን ድርቆሽ ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ። “የተረፈ እንጀራ ነው፤ ከደረቀ ወር አልፎታል።” አሸተቱት። ቆረጠሙት። “ይኮመጥጣል” አሉ። ግን ቦሎቄውን ጣዱ።

እሑድ፣ ኅዳር 6
መጣ። ትልቅ ሰውዬ፣ ባርኔጣውን ይዞ በሩ ላይ እንደ ተማሪ ቆመ። “ግባ” እስኪሉት አልገባም። አንድ ማንኪያ ቀመሰና...
“ማማ፣ ይሄ ያንቺ ሾርባ አይደለም።”
 የደፋሁትንም፣ ድርቆሹንም፣ ሁሉን ተናዘዝኩ።
“ለምን ደፋኸው?”
“ለእንግዳ ያደረ አይቀርብም ብዬ።”
ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። “እኔ እንግዳ አይደለሁም” አለ።
ሲኞራ አለቀሱ። እኔም ዓይኔ ውስጥ ቆሻሻ ገባ አልኩ፤ ማን ያምነኛል? እሱ ግን ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ።

እሑድ፣ ኅዳር 13
ለእናቴ ጻፍኩ፦ ድርቆሽ ጨምሪ።
ቪቶሪዮ ዛሬ ሳይጠራ መጣ። አራት ቀን ያደረ ዳቦ በከረጢት ይዟል። “ኅሩይ፣ ይሄን ደግሞ እንዳትደፋው!” አለኝ። ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ሳይቀመጥ፣ የድስቱን ክዳን ከፍቶ በእናቱ ማንኪያ ቀመሰ። ሲኞራ እጁን መቱት።
እንግዳ እንዲህ አያደርግም።