ከፊት ግራ እግሯ ስለምትጮኸው መኪናዬ፤ ለክቡር የኬላ አስተባባሪ

በጭንቁ ወቅት ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ ላይ ገመድ ዘርግተው ላስጠበቁን ክቡር አስተባባሪ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? ያን ያህል ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሰው ጓዝ ሲያስፈታ የከረመ ሰው ወገቡ ሳይጎዳ አይቀርምና፣ እኔና ባለቤቴ ዋሲላ ስለ እርስዎ ወገብ ማሰብ አላቆምንም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ጆሮዎንም ይጠብቅልዎ፤ ይህ ደብዳቤ በዋናነት የሚመለከተው እሱን ነውና።

ካላስታወሱኝ፣ ኡበይድ እባላለሁ። ያቺ ነጭ የጀርመን ሥሪት የቤት መኪና የኔ ናት። ዕድሜዋ ኬላው ላይ አሰልፈዋቸው ከነበሩት ልጆች ከብዙዎቹ ይበልጣል። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን አገሩ ሁሉ ሠርግ ሠርግ ሲለው፣ ከአምባሰል እስከ ሐይቅ ኒካሕም ሆነ ተክሊል ሙሽራ የምትሄደው በእሷ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ሠርጉም ቀረ፣ ሙሽሮቹም ዘመቱ።

የድምፁን ነገር ከመነሻው ላስረዳዎት፤ ያኔ ጊዜ አልሰጡኝምና። በ2013 ክረምት መኪናዬ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከፊት ግራ ጎማ በኩል «ቋ!» ማለት ጀመረች። መካኒካችን ሰላሀዲን «አሞርዛተሩ ነው» ብሎ ያን ንዝረት የሚያበርድ ዕቃ ቀየረው፤ ድምፁ አልተቀየረም። «ጎሚኒዎቹ አልቀዋል» ብሎ እነዚያን የላስቲክ ማቀፊያዎችም ቀየረ፤ ጭራሽ ባሰባት። እሱም ተናደደ፣ እኔም ተናደድኩ፣ ሰላምታችን ሁሉ ቀዝቅዞ ነበር። በመጨረሻ በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው፣ ጎማውን ከታች በኩል ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው ክብ መገጣጠሚያ ተበልቶ አገኘው።

«ጋሼ፣ ሁለቴ ተሳስቻለሁ፤ አሁን ግን ወላሂ አልተሳሳትኩም» አለኝ። «ይቺ መገጣጠሚያ አንድ ቀን ትወልቃለች። ያን ጊዜ ጎማው ይተኛል። ዕቃው እስኪገኝ ከግቢ አያውጧት።»

ዕቃው ከደሴ ይመጣል ተባለ። ቀጥሎ ባለሱቁ ዘግቶ ሄዷል ተባለ። በዚህ መካከል ከወልድያ በኩል የሚፈናቀለው ሕዝብ መንገዱን ሞላው፤ እኔም መኪናዬን ሸራ አልብሼ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ስል ግን ተቀምጬም አይደል፤ ከበር እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ በር ስመላለስ ነው የምውለው።

በመስከረም ወር አንድ ጠዋት የጎረቤቴ የአራጋው ሚስት ባንቺአየሁ ምጥ ጸናባት። አዋላጇ «ሕፃኑ በእግሩ መጥቷል፤ ደሴ ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ እዚህ አይሆንም» አለች። አምቡላንሱ ቁስለኛ ሊያመጣ ሄዷል። ሚኒባሱ ሁሉ ተፈናቃይ ጭኖ ነው የሚያልፈው። አራጋው እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ ኡበይድ፣ መኪናዎ ትነሣለች?»

«መነሣቱንስ ትነሣለች፤ ግን ትጮኻለች።»

«ትጩኽ! ባንቺአየሁም እየጮኸች ነው።»

ሸራውን ገፈፍነው። ሰላሀዲንን ብንጠራው ራሱን ያዘ፤ ቢሆንም ሌላ አማራጭ እንደሌለ ገባው። «እንግዲህ ቀስ ብለው፣ ጉድጓድ እየሸሹ። መሪው ከከበደዎት ወዲያው ይቁሙ» አለኝ። ዋሲላ ከኋላ ገብታ የባንቺአየሁን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። «አብሽሪ እቴ፤ ፋጡማም ማርያምም ይድረሱልሽ» እያለች ፊቷን ትጠርግላታለች። አራጋው ከጎኔ ተቀመጠ። ቋ! ቋ! እያልን ኬላዎ ደረስን።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ እንግዲህ ለዚያ ለሚያስቀና ጆሮዎ ነው። ከኋላ ሴት ልጅ ጣር ላይ ሆና ስትጮኽ እሱን አልፎ፣ ከፊት የጎማውን ድምፅ ነጥሎ የሰማ ጆሮ ነውና።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉኝ።

«የፊት እግሯ ነው ክቡርነትዎ። መገጣጠሚያው ተበልቶ ነው።»

«ይህ የብረት ድምፅ ነው።»

«አዎ፤ መኪናዋ ብረት ናት።»

«የተደበቀ ብረት ነው የምልህ! መሣሪያ በዚህ መልክ እንደሚገባ የማናውቅ መሰለህ? አውርዱ!»

አራጋው እግርዎ ሥር ወደቀ። «ጌታዬ፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፤ እሷን ብቻ ያሳልፉልኝ፤ እኔን እዚህ ያስሩኝ» አለዎት። እርስዎም «ዛሬ ምጥ ላይ ያልሆነ ሰው አለ?» አሉት። አባባሉ ጠሊቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ከእርስዎ በቀር ያን ዕለት ምጥ ላይ ያልሆነ ሰው እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ጥልቅ ፍተሻዎ ነው። ባንቺአየሁን አወረድናትና ባሕር ዛፉ ሥር አስተኛናት። ልጆችዎ ጎማውን ፈቱ። ጎማው ተፈቶ ምንም ሲጠፋ በቃ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እርስዎ ግን «በፌሮ ፈልቅቁት» አሉ። ያችኑ የተበላች መገጣጠሚያ በፌሮ ፈለቀቋት። እኔ «እባካችሁ፣ እሷ ናት ጎማውን የያዘችው» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ! አንደኛው ልጅ «አለቃ፣ ምንም የለም» ሲልዎት «ከበሩ ውስጥስ?» አሉት። በሩ ተፈታ። ወንበሩ ተነቀለ። እኔ በመኪናዋና በባሕር ዛፉ መካከል ስሮጥ የቱ ጋ መቆም እንዳለብኝ ጠፋኝ።

ከመርሳ በኩል ተፈናቅላ የመጣች መስኡዳ የምትባል ሴት ፍራሿን ከራሷ አውርዳ ወደ ባንቺአየሁ ሄደች። ማንም አልጠራትም። ሻርፗን ፈትታ አብረዋት ከመጡት ተፈናቃይ ሴቶች ጋር መጋረጃ ሠራች፤ ከዋሲላ ጋር ሆነው አዋለዷት። ሴት ልጅ ነበረች። መስኡዳ አፏን ጠረገችላት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ እፍ አለችባት። ልጆችዎ እንኳ ፌሮውን አስቀመጡ። ሁላችንም ድምፅ ጠበቅን።

አልመጣም።

«እለፉ» አሉን ያን ጊዜ። ገመዱም ወረደ። ስለ ገመዱ መውረድ አመሰግናለሁ።

የባንቺአየሁ ደም አልቆመም ነበር። አራጋው ሕፃኗን በጋቢው ጠቅልሎ ታቀፈና «ጋሼ፣ እናቷን አድርሱልኝ። እኔ ይቺን ወደ ቤት ልውሰዳት» አለኝ። ሰው ሁሉ ጓዙን ተሸክሞ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣ እሱ ብቻውን ጋቢውን አቅፎ ወደ ሐይቅ ሲመለስ በመስታወቴ አየሁት።

ጎማውን፣ በሩንና ወንበሩን እንደ ነገሩ መልሰን ነዳሁ። ድምፁ አሁን በጉድጓድ ብቻ ሳይሆን በደህናውም መንገድ ሆነ። ዋሲላ ከኋላ «አትተኚ፣ አትተኚ ባንቺ» ትላለች። የደሴን ዳገት ስንይዝ መሪው ከበደኝ፤ ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማው ሰላሀዲን እንዳለው ተኛ። ወርጄ መንገዱ መካከል ቆምኩና እጄን አነሣሁ። ሀሚድ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ቆመልኝ። መኪናው በተፈናቃይና በጓዝ ጢም ብሏል። ላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን የባንቺአየሁን ሁኔታ ሲያዩ ጆንያቸውን ወደ መንገድ መወርወር ጀመሩ። አንዲት ሴት ፍራሿን ስትጥል «ፍራሽ ይገኛል፣ ሰው አይገኝም» አለች። ማንነታችንን እንኳ የጠየቀን የለም። እኔ መኪናዬ ዘንድ ቀረሁ፤ ባንቺአየሁና ዋሲላ ሄዱ። ደሴ ደም ተሰጣት፣ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ጦርነቱ እኛኑ ተከትሎ ደሴ ደረሰ፤ ተሰደድን፤ በታኅሣሥ ተመለስን። ያን ዕለት መኪናዬን በሰው አስገፍቼ ያስገባሁበት የመንገድ ዳር ግቢ ውስጥ መስታወቷ ረግፎ፣ የፊት እግሯ እንደ ተኛ አገኘኋት። ሰላሀዲን ከተጣለች አሮጌ መኪና ላይ ደህና መገጣጠሚያ ፈትቶ አመጣና ገጠመላት። ጠበቅ አድርጎ አሥሮ፣ መንገድ አውጥቶ ፈተናት። ዛሬ ጸጥ ያለች ናት። እኔ ነኝ ጸጥ ያላልኩት። ለስላሳ አስፋልት ላይ እየነዳሁ ጆሮዬ ወደ ግራ ይሄዳል። ዋሲላ «ኧረ የለም፣ ተወው» ትለኛለች። መኖሩን እኔም አላልኩም፤ ግን መስማቴን መተው አልቻልኩም።

ሦስተኛውን ምስጋና፣ ስለ ንግግርዎ ያለውን፣ ልተወው ነበር፣ አልሆነልኝም። በቅርቡ በአዳራሽ ተሸልመው ሲናገሩ «በኔ ኬላ አንድ ሰው ሳይጎዳ ሁሉም በሰላም አልፏል» አሉ። አራጋው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ወጣ። ማንም ልብ አላለውም፤ ጭብጨባ ላይ ነበርን።

በማግሥቱ ሰው ልከው መኪናዬን ለሠርግዎ እንድሰጥዎ ጠየቁ። ለመላው አገር ያልሰሰትኳትን ለእርስዎ እንዴት እሰስታለሁ? ነገር ግን የሠርግዎ ወር ባንቺአየሁ ዳግም የምትወልድበት ወር ነው። እኔና አራጋው ተነጋግረናል፤ ከወሩ መግቢያ ጀምሮ መኪናዋ ነዳጅ ጠጥታ፣ አፍንጫዋን ወደ ደሴ አዙራ ባንቺአየሁ በር ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ከታላቅ ይቅርታ ጋር፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ። ከእርስዎ የምንለምነው ነገር ቢኖር፣ በዚያ ወር መንገዱ ላይ አለመገኘትዎን ብቻ ነው።

ወገብዎን አላህ እንዲያጸናልዎ፣ ትዳርዎን እንዲያሰምርልዎ፣ ልጅ በወለዱም ጊዜ መንገዱን ሁሉ ክፍት እንዲያደርግልዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ እስከ ጉልበትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ኡበይድ፣ ከሐይቅ

ተጨማሪ፦ ሕፃኗ ሳትጠመቅ ስለቀረች የተቀበረችው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ነው። ምናልባት አንድ ቀን ሊያዩዋት ቢፈልጉ፣ መንገዱ የእግር ነው፤ የሚያስቆም ሰው የለበትም።