ፍሪጁ ወይስ ድሬ

ሰኞ፣ ነሐሴ 2፣ 2008። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሱቅ ተዘግቷል። ጫቱ ገብቷል። ከተማው ጋደም ብሏል፤ ከኔና ከጎረቤት ፍየል በቀር። ሙቀቱ ጉድ ነው። ደብተሬ፣ ላቤ ቢንጠባጠብብሽ ቻይው። ሌላ ጸሐፊ የለሽም።

ጠዋት ማዕከላዊ ገበያ፣ አባባ ሱቅ። ፍየሏን ከሚሸጣቸው ሽርጦች አንዱን አስታጠቅኳት። ጥቁር መነጽርም ጨመርኩላት። በር ላይ ቆማ ካርቶን ታኝካለች። አንዲት ደንበኛ ከፀሐይ ስትገባ፣ ዓይኗ ገና ሳያይላት፣ አሰላሙ ዓለይኩም አለቻት። ወላሂ! ገበያው በሳቅ ሞተ። አባባ ፍንክች አላለም። ሽርጡን ፈታ፣ አራገፈ፣ አጣጠፈ፣ መደርደሪያው ላይ መለሰ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔንም አራግፎ ቢያጣጥፈኝ ደስ ባለው።

ወደ ቁም ነገሩ። ሁለት ዩኒ. ተቀብለውኛል። ሁለት! ግማሹን ፈረንሳይኛ ት/ቤት፣ ግማሹን የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ት/ቤት፣ ግማሹን አባባ ሱቅ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሦስት ግማሽ። እንዲህ እየቆጠርኩ ነው ምህንድስና የተቀበሉኝ። ሰፈሩ ገረመው። ከሰፈሩ ይልቅ እኔን።

አንደኛው እዚሁ ጅቡቲ። ንግድ። በፈረንሳይኛ። ለቃለ መጠይቅ ስገባ ኤሲው ጥርሴን አንገጫገጨው፤ ስሙን ፍሪጁ አልኩት። ሁለተኛው ድሬዳዋ። ምህንድስና። ኤሲ ስለመኖሩ ማንም አልነገረኝም። ስሙ ድሬ፣ በቃ።

አባባ ፍሪጁን መርጧል። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ሱቅ፣ ሲቆይ ሱቁ በስሜ። ያለሁት አንድ ወንድ ልጁ እኔ ነኝ። ለሱ ነገሩ አልቋል። ለኔ? አላውቅም። ፍሪጁን ሳስብ ከወዲሁ አዛጋለሁ። ድሬን ሳስብ ደግሞ እንቅልፌ ይጠፋል። እዚያ የመጀመሪያው ቀን ላይ አንዱ ተነስቶ ይሄ ግማሽ ነው፣ አስወጡት የሚል ይመስለኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጥ ተብያለሁ።

ፍየሏ ትጣራለች። ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5። ማታ 1 ሰዓት ተኩል

ደብተሬ፣ ምን አደረግኩ?

ዛሬ የጫት በርጫው እኛ ቤት ነበር። እንደ ሐሙሱ ሁሉ የድሬና የሐረር ሰዎች ፍራሹ ላይ ተደርድረዋል። ጉንጫቸው ተወጥሯል። እኔ ውሃና ለስላሳ አመላላሽ። ሼህ ዑመር፣ ትልቃቸው፣ ጠሩኝ። ጀማል የቱን መረጥክ ይላሉ። አባባ ቀደመኝ፤ እዚሁ ንግድ ይማራል አለ። ለኔ መልሶ ሲጨርስ ወደኔ እንኳ አልዞረም።

ይቺ ነገር ከነከነችኝ። እስቲ ፊቱን ልየው አልኩ። ለአንዴ ብቻ ድንግጥ ሲል! እናም ደረቴን ነፍቼ፣ ኧረ እኔስ ድሬ ልሄድ ነው፣ መሐንዲስ ልሆን ነው አልኩ። ሁለት ደቂቃ አስደንግጬው ቀለድኩ ልል ነበር።

ማን ሁለት ደቂቃ ሰጥቶኝ። ሼህ ዑመር ጫታቸውን አስቀምጠው እጃቸውን አነሱ። ቤቱ ሁሉ አነሳ። ያ ሁሉ መዳፍ ወደ ጣሪያው! ዱዓ ይፈሳል፣ በስሜ፣ በአባቴ ስም፣ በአያቴ ስም። አሚን ሲሉ ግድግዳው የሚርገበገብ መሰለኝ። አባባ እጁን መጨረሻ ላይ አነሳ። ግን አነሳ። አሚንም አለ። ሰማሁት።

እስከ ዛሬ በኔ ምክንያት እጁን ያነሳ ሰው ሁሉ ሊመታኝ ነበር። ለኔ ተብሎ እጅ ሲነሳ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ቀልዴን ነው የምትለዋን ቃል ፈልጌ አጣኋት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 6

ሰፈሩ ሰምቷል። እኛ ሰፈር፣ ካርቲየ 3 ውስጥ፣ ወሬ ከጫት መኪና ይፈጥናል። መብሩክ፣ ኢንጂነር! ዳቦ ሻጩ ሳይቀር። ዱዓ የወጣበትን ነገር ማን ይመልሳል? እኛ ዘንድ ነውር ነው። እማዬ እልል ብላ ድሬ ያለችው እህቷ ጋ ደወለች፤ ክፍል ከነፍራሹ ተዘጋጅቶልኛል። በአንዲት ቀልድ ከአገር ልባረር ነው።

አባባ ዝም። ምሳ ላይ ጨው አቀብለኝ አለ። ይኸው የዛሬው ንግግራችን።

ሰኞ፣ ነሐሴ 9። ከቀኑ 11 ሰዓት

አጎቴ ነስሩ፣ የእማዬ ወንድም፣ መጣ። አዲስ–ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ አፉ ከክላክሱ ይብሳል። ዱዓውን ሰምቷል። «እንዲያው የዱዓ መሐንዲስ ሆነህ ቀረህ? ና ብረት ላሳይህ!» ብሎ የቀን ባጅ አውጥቶልኝ ወደብ ይዞኝ ገባ።

እዚሁ ተወልጄ ወደቡን ከውስጥ አይቼው አላውቅም። ከሩቅ ክሬኖቹን ግመል እያልኩ ስቀልድባቸው ኖሬያለሁ።

ደብተሬ፣ ግመል አይደሉም። ምን እንደሆኑ አላውቅም። ከሥራቸው ሆነሽ ቀና ስትይ አንገትሽ ያልቃል እንጂ እነሱ አያልቁም። እላይ የመስታወት ክፍል አለች፤ ውስጧ ሰው፣ ዝንብ የሚያህል። መኪናችን ተራው ደረሰ። አንድ ኮንቴይነር፣ ቤታችንን ከነእማዬ ኩሽና የሚውጥ፣ ከመርከቡ ተነስቶ በጭንቅላታችን ላይ መጣ። ፀሐዩን ጋረደው። ጥላው ሲያልፍብኝ ቀዘቀዘኝ፤ በነሐሴ፣ በጅቡቲ! ቀስ እያለ ወረደ። የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ አልጋ ላይ እንደሚያሳርፉት። መኪናው አንዴ ብቻ እህ አለ። አለቀ።

ለምን አይገለበጥም? ያ ሁሉ ክብደት ወደ ባሕሩ ተንጠልጥሎ ለምን አይወድቅም? ነስሩን ጠየቅኩት።

«እኔ ምን አውቄልህ! ሁልጊዜ ከሥሩ ቆሜ ቢስሚላህ እላለሁ። እስካሁን ሠርቷል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። መኪና ማቆሚያው ፒካ 12 እስክንደርስ አንዲት ቀልድ አልወጣኝም። ነስሩ ታምመሃል ብሎ ግንባሬን ዳሰሰ።

ማወቅ እፈልጋለሁ። ለምን እንደማይወድቅ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ባንቺ ላይ ጽፌአት አላውቅም፦ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ታዲያ ምን ያስጨንቀኛል? ዱዓው አስሮኛል፣ መሄዴ ነው፣ ጥፋቱም የኔ አይደለም። ተመስገን።

ዓርብ፣ ነሐሴ 13

ተመስገን ያልኩት ቸኩዬ ነው።

የአባባ ዝምታ በላኝ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ካርቲየ 7 ሼህ ዑመር ቤት ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረዋል። ሼህ፣ ዱዓ የሚነሳበት መንገድ አለ ወይ አልኳቸው። ለራሴ ሳይሆን እንዲያው ለአንድ ጓደኛዬ።

«ዱዓ የአባትህ ሽርጥ ነው እንዴ፣ ጠበበኝ ብለህ የምትመልሰው? ለመሆኑ ምን ብዬ እንደለመንኩ ሰምተሃል?»

አልሰማሁም። የአባባን ፊት ሳይ ነበር።

«አየህ! ኸይር ከሆነ አቅርብለት፣ ሸር ከሆነ አርቅለት ነው ያልኩት። ለመንን እንጂ አልመረጥንልህም። በሽማግሌ ዱዓ ተከልለህ ልትሾልክ ነበር፣ አንተ ሌባ!»

ታዲያ አባባ በዱዓው ታስሬያለሁ ብሎ አዝኗል፣ ይንገሩት አልኳቸው። እግራቸውን ከውሃው አወጡ። አባትህ ከኔ እኩል ዱዓ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፣ ማንም እንዳላሰረው ያውቃል አሉኝ።

ያውቃል! ይህን ሁሉ ቀን እያወቀ ዝም! አልታሰረም። ሱቅ ያለ ወራሽ ሊቀር፣ አንድ ወንድ ልጁ ሊሄድበት፣ አይሆንም ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል። አላወጣትም። እኔ እስክናገር እየጠበቀ ነው። ማንም ሰው እኔን ይህን ያህል ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅም። ፈራሁ። ከክሬኑ የበለጠ።

እሑድ፣ ነሐሴ 22። ከቀኑ 6 ሰዓት

አባባ ጠዋት ቀሰቀሰኝ። ለዓረፋ በግ እንግዛ፣ ኋላ ይወደዳል። ባልባላ መውጫ፣ የበግ ገበያ። አቧራ፣ ጩኸት፣ ዓይን እስከደረሰበት ጥቁር ራስ በግ።

አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ፊት ቆምን። አባባ ሻርፑን ከትከሻው አውርዶ በሽማግሌው እጅና በራሱ እጅ ላይ ጣለው። ፀጥ። ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይሰማላ። ጣት ይጨበጣል፤ አንድ ጣት አንድ፣ ሙሉ እጅ አምስት። ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ይህን ያህል ቀርቤ ስመለከት ግን ዛሬ ነው። ፊታቸው ድንጋይ። አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ የበጉን ጆሮ። ከሻርፑ ሥር ግን ጦርነት ነው፤ ጨርቁ ይዘላል። አባባ ይህን ሲያደርግ ሌላ ሰው ነው። ይህን ፍሪጁ ውስጥ የሚያስተምር ፕሮፌሰር አለ? ንግድ ያዛጋል ያልኩትን ሰርዢልኝ። መዳፍ ለመዳፍ ጧ አለ። በጉ የኛ ሆነ።

መንገድ ዳር ፒካፕ እንጠብቃለን። በጉ ሱሪዬን ይበላል። አባባ ድንገት ሻርፑን እጄ ላይ ጣለው። ፊቱ ወደ መንገዱ። ሦስት ጣቴን ጨበጠ።

ምኑ ሦስት? በጉ ተገዝቷል። ከዚያ ገባኝ። የፍሪጁ ትምህርት ሦስት ዓመት ነው። ድሬ አምስት።

እጁ ደረቅ ነው፤ ጨርቅ ሲያጣጥፍ የኖረ እጅ። መቼ እንደያዝኩት አላስታውስም። መሳቅ እችል ነበር። አባባ በጉን ጠይቀው ማለት እችል ነበር። አልመጣልኝም። ሙሉ እጁን ጨበጥኩ። አምስት።

መኪና አለፈ። ሌላ አለፈ። አባባ አራት ጣቴን ያዘ።

አራት የሚባል ዓመት የትም የለም! አራት ምንድነው አባባ አልኩ ጮክ ብዬ።

«በግ እንኳ በመጀመሪያ ቃል አይሸጥም። ልጄን በመጀመሪያ ቃል ልሽጥ?» ዓይኑ አሁንም መንገዱ ላይ ነው። «ደግሞ አፍህን ከፈትክ። አንተስ ነጋዴ አይወጣህም።»

የከንፈሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ደብተሬ፣ አባባ ቀለደ! እኔ ከማን እንደወረስኩት ሰፈሩ ሲጠይቅ ኖሯል።

አምስቱን መልሼ ጨበጥኩ። አጥብቄ። በዱዓ አይደለም፣ በቀልድም አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። እጁ እጄ ውስጥ ቆየ። ከዚያ መዳፌን ዘርግቶ ጧ አደረገው። መብሩክ አለ። ሲቆይ ደግሞ፣ ለክረምት ሱቅ አለ፣ እንዳትረሳ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24

ፍሪጁ ሄጄ አልመጣም አልኩ። በፈረንሳይኛዬ። ጸሐፊዋ ቀልድ መሰላት። ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። ስወጣ ኤሲው ጀርባዬን ተሰናበተ። ሙቀቱ ውስጥ ስገባ ደስ አለኝ፤ አብጃለሁ ማለት ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 9፣ 2009። ጠዋት 4 ሰዓት

ነስሩ መኪናውን አስነስቶ ክላክሱን ያስጮኻል። በደወሌ ድንበር በኩል ነው የምንሄደው። እማዬ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ዚፑን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ሌላ ነገር ጨመረች፣ መልሳ ተቀመጠችበት። ግማሽ ነው ካሉኝ ሌላውን ግማሽ ልወስድ ነው የመጣሁት እላቸዋለሁ።

አባባን ጠዋት ሱቅ ሄጄ ተሰናብቼዋለሁ። በዚህ ሰዓት ገበያው ይቀልጣል፣ ሱቅ ትቶ እንደማይመጣ አውቃለሁ። አልጠበቅኩትም።

ቆይ። በመንገዱ ጫፍ የሚመጣው እሱ ነው። የሱቁ ቁልፍ በእጁ ነው። ዘግቶ! በገበያ ሰዓት ዘግቶ! ነስሩ ክላክሱን ተወው። እማዬ ከሻንጣው ተነሳች። አባባ፣ ዛሬ ሱቁን ለፍየሏ ሰጥተህ መጣህ ወይ ልለው አፌን ከፍቻለሁ፣ ግን ደርሷል፤ ደብተሬ፣ ልዝጋሽ።